ከቀለሙ በፊት መዶሻው

ጥያቄ፦ በዓለም ገና አካባቢ የሚኖሩ አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «አባቴ በ1975 ዓ.ም. አዲሱን የገዙት ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ፣ የናፍጣ፣ ግቢያችን ውስጥ ከቆመ ስድስት ዓመት ሆነው። ከመቆሙ በፊት ውሃ ያፈላ ነበር፤ መካኒኩም ለዚሁ ብሎ የሞተሩን ውሃ መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጣለው። አሁን ቅዳሜና እሑድ ራሴ ቤቴ ልሠራው አስቤአለሁ። ሁሉንም ፈታትቼ፣ ዝገቱን በስቱኮ ደፍኜ፣ ቀለም አስቀብቼ ልጀምር? ወይስ መጀመሪያ ሞተሩን ልቀይር? ብየዳ ትንሽ ትንሽ እችላለሁ።»

ምላሽ፦ በቀለም አይጀምሩ፤ በሞተርም አይጀምሩ። «ሁሉንም ፈታትቼ» ያሉትን ሐሳብ ደግሞ ከነጭራሹ ይተዉት። በጥያቄዎ ውስጥ መቃናት ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ስቱኮ ዝገትን አያድንም። ቴርሞስታት ማውጣት የሚያፈላ ሞተርን አያበርድም። ሞተር መቀየርም ያረጀ መኪናን አያሳድስም። የእርስዎ መኪና ይዳን አይዳን የሚወስነው በጥያቄዎ ስሙን እንኳ ያላነሱት አካል ነው፤ ሻንሲው፣ መኪናውን ከሥር የሚሸከመው የብረት አጽም።

በመጀመሪያ በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ እንወቅ። በተባለው ዓመት አዲስ ሆኖ ከተገዛ፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1983 የተመረተው የሃይሉክስ ሦስተኛ ትውልድ የመጨረሻ ልጅ ነው። ሞተሩ ያልተቀየረ ከሆነ ቶዮታ «ኤል» ብሎ የሚጠራው ባለ 2188 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር መሆን አለበት። ይህ ሞተር አዲስ በነበረበት ጊዜም ሩጫ አያውቅም፤ የተሠራው ለመሸከም ነው። በዚያ ላይ የምንኖርበት ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእርስዎም ሰፈር ከዚያ ብዙ አይርቅም። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ድምሩን ቢሠሩት ወደ ሩብ ይጠጋል። ስለዚህ «ሞተሩ ደክሟል፣ ዳገት አይወጣም» የሚል ሰው ሲመጣ ቀድሜ የምጠይቀው መኪናው ድሮስ ይወጣ ነበር ወይ ብዬ ነው።

አሁን ወደ መፈታታቱ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተባለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አሮጌ መኪናውን ላድስ የሚል ሰው በዝቶብኛል፤ ደስም ይለኛል። ነገር ግን በግቢ ውስጥ የተጀመረ እድሳት የሚሞተው በገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም። አንድ ደንበኛዬ እንደ እርስዎ ባለ ጉጉት ጋቢናውን፣ ካሶኒውን (የጭነት ሳጥኑን)፣ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) በሁለት ቅዳሜ አወረደ። ቡሎኑን ሁሉ በአንድ የዘይት ቆርቆሮ አጠራቀመ። ሁለት ክረምት አለፈ። ዶሮዎቹ ጋቢናው ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመሩ። በሦስተኛው ዓመት ሚስቱ ቆራሌው ሲያልፍ ጠራችው፤ መኪናው በኪሎ ተመዝኖ ሄደ። መኪና ተፈትቶ ሲበተን ባለቤቱ የሚያየው ያልተሠራውን ብቻ ነው፤ በእግሩ ቆሞ እያለ አንድ በአንድ ሲጠገን ግን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ያለቀ ነገር ያያል። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን አይፍቱ፤ የሚፈቱትንም ሁሉ ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ቡሎኖቹን ከየት እንደወጡ ጽፈው በየፌስታሉ ለይተው ያስቀምጡ።

እንዳይፈቱ ካልኩት አንድ ነገር ብቻ ይፈቀድልዎታል፤ ካሶኒው። በጥቂት ቡሎኖች ሻንሲው ላይ የታሰረ ስለሆነ፣ ቡሎኖቹን ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ዘይት እያጠጡ ከቆዩ፣ እሑድ ከሰዓት አራት ጎረቤት ጠርተው ያወርዱታል። ከዚያ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ይያዙና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ፣ ከጎንም ከሥርም እያንኳኩ ይሂዱ። ጆሮዎን ይመኑ። ደህና ብረት ይጮኻል። የተበላ ብረት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ ጭቃ ያዘለ ደግሞ እንደ እርጥብ ግንድ ነው። ድምፁ በተቀየረበት ቦታ ስለታም ካቻቢቴ አስደግፈው ይምቱት። ከገባ፣ ያ ቦታ ብረት አይደለም፤ የብረት ቅርፊት ነው።

አንዳንድ ቦታዎች ላይ እጥፍ ጊዜ ይስጡ። ሻንሲው ከኋላ አክስል በላይ እንደ ድልድይ ጎብጦ የሚያልፍበት፣ የኋላ ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ሞላ) ከፊትና ከኋላ የሚንጠለጠልባቸው ጆሮዎች፣ ጋቢናው የሚያርፍባቸው ጎማ ያለባቸው እግሮች፣ እንዲሁም ከፊት ጎማ በስተኋላ ጭቃ ተወርውሮ የሚከማችበት ማዕዘን። የዚህ ሻንሲ ብረት በብዙ ቦታ ውስጡ ባዶ ሳጥን ስለሆነ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ያለው ቀለም እንዳለ ሆኖ ግድግዳው ሊሳሳ ይችላል። በአገራችን መንገድ ላይ እንደ ብርዳማ አገሮች ጨው አይበተንም፤ ለዚህም ነው የአርባ ዓመት ሃይሉክስ ዛሬም የሚገኘው። የእኛ መኪና የሚዝገው ከተጣበቀበት ጭቃና ከሚጭነው ጭነት ነው። አባትዎ ምን ይጭኑበት እንደነበር ቤተሰቡን ይጠይቁ። ጥራጥሬ ከነበረ ዕድለኛ ነዎት። አሞሌ ጨው፣ ማዳበሪያ ወይም ከብት ከነበረ ግን መዶሻውን በሁለት እጅ ያንሡት። ማዳበሪያና የከብት ሽንት የገባበት መገጣጠሚያ ከታጠበ በኋላም መዛገቱን አያቆምም።

ውጤቱ ከሦስት አንዱ ይሆናል። ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በብረት ብሩሽ ይፋቃል፣ ዝገት በሚያከስም ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ይታሻል፣ ከዚያም ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ ይህ የእርስዎ ሥራ ነው፣ ለማንም አይክፈሉ። በአንድ ሁለት ቦታ የመዳፍ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ቀዳዳ ካለ፣ ተቆርጦ ከራሱ ከሻንሲው ጋር እኩል ውፍረት ባለው ብረት በሙያተኛ ይበየዳል። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ የባሌስትራው ጆሮ በሁለቱም ጎን ተበልቶ፣ ከአክስሉ በላይ ያለው ጉብታ ካቻቢቴ የሚያስገባ ከሆነ፣ ያቁሙ። ያን መኪና በግቢ ውስጥ የሚያድን ሰው አላየሁም። ሞተሩንና ካምቢዮውን አውጥተው ለሚፈልግ ይሽጡ፣ ጋቢናውን ለማስታወሻ ያቆዩ። ይህን ዛሬ የምነግርዎ፣ የሻንሲውን መበስበስ ሞተር ካሠሩ በኋላ እንዳይሰሙት ነው።

መኪናው ሥር ከመግባትዎ በፊት ግን ይህን ያንብቡ። ብሎኬት ላይ መኪና አያቁሙ። በየሰፈሩ የማየው ነገር ስለሆነ ደግሜ እላለሁ፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሳይሰነጠቅና ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል። በወጣትነቴ አንድ ፔጆ 404 ብሎኬት ላይ አቁመን ካርዳኑን አውርጄ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። ብርጭቆውን ከአፌ ሳላነሣ መኪናው መሬት ላይ ነበር። ክሪክም ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ከብረት የተበየደ ባለ አራት እግር ማቆሚያ ያሠሩ፤ የትኛውም በር ሠሪ ይሠራዋል። የእርስዎ አካባቢ መሬት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፣ ማቆሚያውንም ዓይንዎ እያየ ይውጠዋል። ከአራቱ ማቆሚያዎች ሥር ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ። ከተቻለ መኪናው የሚቆምበትን ያህል ብቻ ሲሚንቶ ያስፈስሱ፤ በዚህ ሥራ ላይ ከሚያወጡት ገንዘብ ሁሉ ይህን አይቆጩበትም።

ስለ ብየዳው በግልጽ ልናገር። ትንሽ ትንሽ የሚችል ሰው ሻንሲ አይበይድም፤ የጫነ መኪና ዳገት ላይ የሚሸከመው ያ ብየዳ ነውና። «እሺ፣ ላሜራውን ልበይድ» ካሉ ሌላ ችግር አለ። በቤት ያለው የኤሌክትሮድ ብየዳ ማሽን የበርና የፓራፋንጎ ላሜራን፣ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላውን፣ ከመስፋት ይልቅ ይበሳዋል። እጅዎ ለሻንሲው ያንሳል፣ ማሽንዎ ለላሜራው ይበዛል ማለት ነው። ላሜራ የሚሠራው በጋዝ ብየዳ ወይም በሽቦ ብየዳ ነው፤ ባትላሜራ ይጥሩ። እርስዎ የሚቀረውን ይሥሩ፤ መፋቁን፣ መቁረጡን፣ መለካቱን። ባትላሜራው ሲመጣ ቀዳዳው ንጹሕ፣ ዙሪያው እስከ ጤነኛ ብረት ድረስ ተፍቆ ካገኘ የሥራው ቀን በግማሽ ይቀንሳል። ማንም ይበይድ ማን፣ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይነሣ፤ የአልተርኔተሩም ገመድ ይፈታ።

የናፍጣ ታንከሩን ደግሞ በባዶነቱ ተማምኖ የሚበይድ ሰው አያስጠጉ። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን የቀረው ትነት ነው፤ ቤንዚን የነበረበት ታንከር ደግሞ የባሰ ነው።

ስቱኮ ምን ጥፋት አለው? በቦታው ምንም። የተመታ ላሜራ ተቃንቶ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ስቱኮ ይሞላዋል፤ የተሠራውም ለዚህ ነው። ቀዳዳ ላይ ሲደፈን ግን ጀርባው ክፍት ስለሆነ እርጥበት ይስባል፤ ከኋላ ውሃ፣ ከፊት ቀለም፣ መሐል ላይ ዝገት። አንድ ክረምት ይቆያል። በሁለተኛው ክረምት ቀለሙ እንደ ቂጣ ይነፋል። ገበያ ላይ «ታድሷል» ተብሎ የሚቀርብ ፒክአፕ ሲያዩ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ በሩ ሥር ማግኔቱ ካልያዘ የሚገዙት ስቱኮ ነው።

ሻንሲው ካለፈ ቀጥሎ ፍሬን ነው፤ ሞተር አይደለም። ስድስት ዓመት የቆመ መኪና ሞተሩ ቢነሣ ልጅ እንኳ ወደ በሩ ሊነዳው ይፈልጋል፤ የማይቆም መኪና ደግሞ ከማይነሣ መኪና የከፋ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ማስተር ፖምፓውንና በየጎማው ያሉትን ትናንሽ ፖምፓዎች ከውስጥ አዝጎ ይጠብቅዎታል። ሁሉንም ይፍቱ። ውስጣቸው በጥፍር ሲዳሰስ ጉድጓድ ካለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያውን) ብቻ መቀየር ከንቱ ድካም ነው፤ ሙሉ ፖምፓው ይቀየር። ወደ ጎማዎቹ የሚወርዱት የጎማ ቱቦዎች ከውጭ ደህና ቢመስሉም ከውስጥ አብጠው ዘይቱን ያስገባሉ እንጂ አይመልሱም፤ መኪናው ፍሬኑን ይዞ የሚቀረው በዚህ ነው። ሁሉም በአዲስ ይተኩ። ክፍሎቹን የሚያጥቡት በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው፤ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ያጠቡት ጎሚኒ ያብጣል። የታምቡሩን አቧራ በኮምፕሬሰር አይንፉ፤ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ይኖረዋል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶም አይወጣም። በውሃ አርሰው በጨርቅ ይጥረጉት፣ ጨርቁንም ይጣሉት።

አሁን ሞተሩ። መጀመሪያ ምን እንዳያደርጉ ልንገርዎ፤ ባትሪ ተውሰው ወይም ሰፈሩን ጠርተው አስገፍተው አያስነሡ። የዚህ ሞተር ባልቦላዎች (አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ክዳኖች) የሚሠሩት በጎማ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው፤ ቶዮታ በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ይላል፤ ጎማ ደግሞ ሳይሄድም ያረጃል። ቺንጋው በግፊያው ቢበጠስ ፒስተኑ ባልቦላውን ያገኘዋል፤ ያኔ በአንድ ቺንጋ ዋጋ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሥራ ገዙ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ካንዴሌታዎቹን (ሲሊንደሩን ለማስነሻ የሚያሞቁትን) ይፍቱ፤ በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ይጨምሩና ሁለት ቀን ይተዉት፤ ቺንጋውንና መወጠሪያውን ይቀይሩ፤ ከዚያም ከሞተሩ ፊት ለፊት ያለውን ትልቅ ፑሌጂያ በቁልፍ ይዘው ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርገው ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። የሆነ ቦታ ጥፍር ብሎ ከቆመ አያስገድዱት። በእጅ በሰላም ከዞረ ካንዴሌታዎቹ እንደወጡ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ያዙሩት፤ የተረፈው ዘይት ይውጣ። የቆየውን ናፍጣ ደግሞ ከታንከሩ ሙሉ በሙሉ ያስወግዱ፤ ከሥሩ ውሃና አተላ አለ፣ የናፍጣ ፖምፓ ጠላቱ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሲሊንደሮቹን ግፊት ያስለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበታል። በመጽሐፍ ላይ የሚያዩት ቁጥር፣ 30 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በላይ፣ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። እኛ ጋ የሚገባው አየር ራሱ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ደህና ሞተር 23 ወይም 24 ቢያሳይ አይደንግጡ፤ «ፋሻው አልቋል፣ ሬቲፊካ ይግባ» (የፒስተኑ ቀለበት ስላለቀ ሞተሩ በማሽን ይታደስ) የሚልዎትን ሰው መለኪያው የተጻፈው ለየትኛው ከፍታ እንደሆነ ይጠይቁት። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የማየው ልዩነቱን ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ከተቀራረቡ ሞተሩ አብሮ አርጅቷል፣ ገና ይሠራል። አንዱ ከሌሎቹ በ5 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ከተነሣ በኋላ ጭሱም ይናገራል፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይቃጠላል፤ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ሲሞቅ የማይጠፋ ከሆነ ውሃ ይገባል ወይም ናፍጣው ሳይቃጠል ይወጣል፤ ዳገት ላይ ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። በእኛ ከፍታ ጥቂት ጥቁር ጭስ ከፖምፓው የፋብሪካ ልክ የሚመጣ ነው። ፖምፓውን ግን በቤት አይንኩት፤ ልክ ማስያዣ ማሽን ያለው ፖምፓ ቤት ይውሰዱት፤ ኖዝሎቹንም (ናፍጣ የሚረጩትን አፎች) አብረው።

መካኒኩ ስለጣለው ቴርሞስታት ትንሽ ልቆይ፤ በከተማችን ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ በጣም የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይይዛል፤ ሲሞቅ ለራዲያተሩ ይከፍታል፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሲከፍት በሌላ ጫፉ አቋራጭ መንገዱን ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይቀራል። ከሙቁ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሰውየው እንዲበርድ ብሎ ያወጣው ነገር ዳገት ላይ እንዲፈላ ያደርገዋል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በብርድ እየሠራ ኖዝሉን በጥላሸት ይሸፍናል፣ ሲሊንደሩን ይበላል። አዲስ ቴርሞስታት ያስገቡ፤ ሳያስገቡት በፊት በሙቅ ውሃ ድስት ውስጥ ነክረው ሲከፍት በዓይንዎ ይዩ።

ታዲያ ለምን ያፈላ ነበር? በመጀመሪያ የማየው ማንም የማያየውን የራዲያተር ክዳን ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ የናፍጣ ሞተር የሚሠራው ከዚያ እጅግ ባልራቀ ሙቀት ነው፤ መፍላት የሚከለክለው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ጎማው የደረቀ ወይም በፌስታል የታሰረ ክዳን ያለው ራዲያተር ግን ቃሊቲ ሳይደርስ ይተነፍሳል፤ ሞተሩ ምንም ባይበደል እንኳ። ናዝሬት ወርዶ የማያፈላ፣ እንጦጦ ሲወጣ የሚያፈላ መኪና ስንት ጊዜ ቴስታታው በከንቱ ተፈታ! ክዳኑ ከተቀየረ፣ ራዲያተሩ በሙያተኛ ተከፍቶ ከታጠበ፣ የቧንቧ ውሃ በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተተካ በኋላም ካፈላ፣ ያኔ ቴስታታው ይወርዳል። በዚህ የሞተር ቤተሰብ፣ በተለይ በታናሽ ወንድሙ በ2ኤል ላይ፣ የቴስታታ መሰንጠቅ የታወቀ ሕመም ነው። በዓይን አይታወቅም፤ ሬቲፊካ ቤት በግፊት ይፈተሻል። ከሰነጠቀ በብየዳ አያባብሉት፣ ሌላ ይግዙ።

ሞተር መቀየር የመጨረሻው አማራጭ ነው። ብሎኩ ከተሰነጠቀ ወይም ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሊፈጭ ከሚችለው በላይ ከተበላ ብቻ ይታሰብ። ያም ሲሆን ከቤተሰቡ አይውጡ፤ 2ኤል፣ 2446 ሲሲ፣ ወይም ከእርሱ የሚበልጠው 3ኤል የአንድ ዘር ልጆች ስለሆኑ ከካምቢዮውና ከመያዣዎቹ ጋር ይግባባሉ። የሌላ ፋብሪካ ሞተር የሚያስገባ ሰው ከዚያ በኋላ ሕይወቱን በቶርኖ ቤት ደጃፍ ይገፋል። ሕጉንም አይርሱ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ የተሽከርካሪ ለውጥም ለመዝጋቢው አካል መቅረብ አለበት። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) የሌለው ሞተር ርካሽ ቢሆንም አይግዙ። ሻንሲው ላይ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ ደግሞ ማንም በግራይንደር እንዳይነካው፤ ዝገቱን እንኳ በእጅ፣ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት። መኪናውም በአባትዎ ስም ከሆነ አንድ ቡሎን ከመፍታትዎ በፊት የውርስ ወረቀቱን ጨርሰው ስም ያዛውሩ፤ የሰው ስም ላይ ያለ መኪና ላይ ገንዘብ አይፈስም።

ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ መሄድዎ አይቀርም። ባዶ እጅ አይሂዱ፤ አሮጌውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ፤ «የ75 ሃይሉክስ» ብሎ መናገር አይበቃም፣ ሻጩ ያለውን ይሰጥዎታል። ያገለገለ የጃፓን ፓራፋንጎ፣ የበር እጀታ፣ መስታወት፣ ካምቢዮ ይግዙ፤ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ማስመሰያ ይሻላል። ጎሚኒ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ ግን ያገለገለ አይገዛም።

ምክሬን በአንድ መስመር ላስረው። መጀመሪያ መዶሻውና ሻንሲው፤ ቀጥሎ ፍሬን፣ መሪና ጎማ፤ ቀጥሎ የሞተሩ ማቀዝቀዣና ናፍጣ፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ፤ ከዚያ ቦሎ አሳድሰው ቢያንስ ስድስት ወር እንደ አስቀያሚ መኪና ይንዱት። አዎ፣ ዝገቱ እየታየ፣ በጸረ ዝገት ቀለም ተለጥፎ። በእነዚያ ወራት የሚያፈሰው ያፈሳል፣ የሚንቋቋው ይንቋቋል፤ አዲስ ቀለም ላይ መፍቻ ማሳረፍ አይኖርብዎትም። በክረምት ላሜራ አይክፈቱ፤ ተፍቆ ያደረ ብረት ሐምሌ ላይ በአንድ ሌሊት ቀይ ይሆናል። የብየዳውንና የመፋቁን ሥራ ከመስቀል በኋላ ይጀምሩ፤ እስከ በልግ ዝናብ ጊዜ አለዎት።

ቀለሙ ሲደርስ በግቢ ውስጥ አይረጩ። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ባለ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም ሲረጭ የሚወጣው ጭጋግ የሳንባ መርዝ ነው፤ የጨርቅ ማስክ አያቆመውም፤ የጎረቤት ሕፃን መስኮት ደግሞ ከአጥርዎ ባሻገር ነው። ቀለም ቤት ይውሰዱት። እርስዎ ይፍቁ፣ ያለስልሱ፤ እነርሱ ይርጩ።

የትኛውን ቀለም እንደሚያስቀቡ አልጠየቁም፣ ግን መጠየቅዎ አይቀርም። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው አይውጡ። ትክክለኛው ምን እንደነበረ ለማወቅ የውጩን በር አይመኑ፤ አርባ ዓመት ፀሐይ በልቶታል። ከክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ካለው የመለኪያ ሰሌዳ) ሥር ያለችውን አንዲት ክዳን ይፍቱና ከጀርባዋ ይመልከቱ፤ ወይም የበሩን ዙሪያ ጎማ በጣትዎ ገለጥ ያድርጉ። አባትዎ ከሻጩ የተረከቡት ቀለም እዚያ ሥር፣ ፀሐይ ሳያየው ተቀምጧል። ከዚያው ላይ የጥፍር ያህል ቆርሰው ለቀለም ቤቱ ይስጡት።